ለእንግዶቹ ያልተነገራቸው

«ዶክተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። እሞታለሁ ወይ?»

ጭራሮ ይህን ብላ ሆዷን ይዛ አቃሰተች። የተኛችበት የመለማመጃ አልጋ አንድ እግሩ ስለሚያጥር ባቃሰተች ቁጥር ይንቋቋል። ነጭ ጋዋን የለበሰችው የውጭ አገር ልጅ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘችና ሐዘን በሞላው ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳትውጥ፣ «አዎ። ካንሰር ነው። የቀረሽ ጥቂት ወር ነው» አለቻት።



«በቃ፣ ገደልሻት!» አለች የጭራሮ እናት ከሰሌዳው ሥር እያጨበጨበች። «ልጄን ገደልሽብኝ! ካንሰሩ ገና አልነካትም ነበር እኮ፤ የገደልሻት አንቺ ነሽ።»

ጭራሮ ምላሷን አውጥታ አልጋው ላይ ሞተች። ተለማማጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ያልሳቀችው ነጭ ጋዋን የለበሰችው ብቻ ናት፤ እሷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። በበር ስትገባ ጎንበስ ማለት ስላለባት እናትና ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመካከላቸው «ረጅሟ» ነው የሚሏት።

ጭራሮ የቤት ስም ነው። እግሯ ቀጭን ስለሆነ እናቷ ያወጣችላት ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷትም ሊለቃት አልቻለም። እናቷ ደግሞ በትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ከዘበኛው እስከ ዋናው ሐኪም ሁሉም «ሲስተር» የሚላት አንጋፋ ነርስ ናት። ሆስፒታሉ በየዓመቱ የውጭ አገር የሕክምና ተማሪዎች ለልምምድ ይመጡበታል። ታዲያ እነዚህ ልጆች የበሽተኛ ደጃፍ ከመርገጣቸው በፊት ሲስተር እጅ ይገባሉ። አገሩን የምታስተዋውቃቸው እሷ ናት፤ ታክሲ እንዴት እንደሚያዝ፣ የትኛው ውሃ እንደሚጠጣ፣ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባል፣ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚነካ። ጭራሮ የውጭ ቋንቋ ስለሚቀናት ትምህርት በሌለባት ቀን በሽተኛ ሆና ትጫወታለች። እስካሁን በወባ፣ በወሊድ፣ በልብ ድካምና በመኪና አደጋ ሞታለች።

«ስሙኝ» አለች ሲስተር፣ ሳቁ ሲበርድ። «ወደ አገሬ ስትመጡ ቋንቋውን ብቻ አይደለም የምትለምዱት። እዚህ ‹ደህና ነኝ› ማለት ሰላምታ ነው፣ የምርመራ ውጤት አይደለም። ‹መጣሁ› ብሎ የወጣ ሰው ሄዷል፤ አትጠብቁት። ‹ትንሽ ነው የሚያመኝ› ያለ ሰው በጣም አሞታል። ‹አመመኝ› ካለ ደግሞ ሩጡ! የታመመ ሰው ‹ምን ሆኜ ነው?› ብሎ ሲጠይቃችሁ እንድትነግሩት አይደለም። ‹አይዞህ› እንድትሉት ነው። ክፉ ወሬ የቤተሰብ ነው። ከአልጋው አጠገብ የማይጠፋውን ሰው ፈልጉ፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኮሪደር አውጡትና ለእሱ ንገሩት። የቀረውን እሱ ያውቃል።»

«ሰውየው የእውነት ማወቅ ቢፈልግስ?» አለ አንዱ ተለማማጅ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስሠራ አንድም አልገጠመኝ!» አለች ሲስተር። «የሚጠይቁት ‹አትሞትም› እንዲባሉ ነው፣ ልጄ።»

ረጅሟ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትምህርቱን በቃሏ ታጠናው ነበር። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሼም ውስጥ ላለመግባት የማለች ትመስላለች። ጭራሮን አሳዘነቻት። እናቷ ግን ወደ ታክሲው ትምህርት አልፋ፣ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲል እንዴት እንደሚጠጋ ለማሳየት ወንበሮቹን እየጎተተች ነበር። ድንገት አንዱን ወንበር ለቀቀችና እሱ ላይ ቁጭ አለች። ጎኗን በመዳፏ ደገፈችው። ፊቷ ላብ በላብ ሆነ።

«እማ? ምነው?»

«ምንም አይደል። ትንሽ ነው የሚያመኝ።»

ተለማማጆቹ ይሄም የትምህርቱ አካል መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። ጭራሮም ሳቀች። ኋላ ያንን ሳቋን ስታስታውስ ራሷን በጥፊ ማለት ያምራታል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ጥድፊያ ሆነ። ሲስተር በራሷ ሆስፒታል ተኛች፤ ደም ተወሰደ፤ ሆዷ በመሣሪያ ታየ፤ ሐኪሞቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና ቀዶ ጥገና ይደረግላት ተባለ። የጭራሮ አባት ገና በሕፃንነቷ ስለሞተ ለእናትና ልጅ ያላቸው የቅርብ ዘመድ የእናቷ ወንድም ብቻ ነው። «ጋሼ» ነው የምትለው። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ሲናገር ሰፈሩ ይሰማዋል፤ ሲያዝን ደግሞ ለማንም ሳይናገር መኪና ያጥባል። እህቱ ከተኛች ወዲህ ያቺ ሚኒባስ ከመቼውም በላይ ጸድታለች።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጋሼ የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞር ነበር። ጭራሮ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣለች። ሰው በወጣ በገባ ቁጥር ብድግ ትላለች። በመጨረሻ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ተከፈተና ረጅሟ ጎንበስ ብላ ወጣች። አረንጓዴ የቀዶ ጥገና ልብስ ለብሳለች፤ ኮፍያዋ ግንባሯ ላይ መስመር አስምሯል። ግራ ቀኝ አየችና ጭራሮን ስታገኝ እፎይ ያለች መሰለች።

«አንቺ ነሽ ሁሌ አጠገቧ የምትሆኚው፣ አይደል?» አለቻት በራሷ ቋንቋ።

«አዎ። አለቀ? ነቃች?»

ረጅሟ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ሰው ወደማይቆምበት መስኮት ወሰደቻት። «ዋናው ሐኪም ለቤተሰቧ ይነገር ብሏል» አለች። ከዚያ ነገረቻት። ሆዷን ከፍተው አይተዋል። በሽታው ጉበቷን ሁሉ ይዟል። የሚወጣ ነገር ስላልሆነ ምንም ሳይነኩ መልሰው ሰፍተዋታል። ከዚህ በኋላ ሕመሟን የሚያስታግስ መድኃኒት እየወሰደች ቤቷ፣ ከምትወዳቸው ሰዎች ጋር ብትሆን ይሻላል። ጊዜው ረጅም አይደለም።

ጭራሮ መጀመሪያ ልምምድ መሰላት። እውነቴን ነው፤ ዞር ብላ እናቷን ፈለገች። እናቷ ሰሌዳው ሥር ቆማ «ጎበዝ! አሁን ገና ሰው ሆንሽ!» የምትላት መሰላት። ረጅሟ ሁሉንም በትክክል ነበር ያደረገችው፤ ክንድ መያዙን፣ መስኮቱን፣ ቀስ ማለቱን። ኮሪደሩ ላይ ግን ወለል የሚወለውል ሠራተኛ እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አመሰግናለሁ» አለች ጭራሮ።

በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም። ውሻ እንኳ ቢሞት ልጅ ሲጠይቅ «ጠፋ» ነው የሚባለው። አባቷ የሞተ ጊዜ ለእሷ «ሥራ ሄዷል» ተብሎ ስንት ጊዜ በር በሩን ስታይ ከርማለች። እናቷ ይህን ለእንግዶቹ አልነገረቻቸውም። ለምን ትነግራቸዋለች? «ከአልጋው የማይጠፋው ሰው» ስትል ወንድም ማለቷ ነበር፣ ባል ማለቷ ነበር፣ ትልቅ ሰው ማለቷ ነበር። ይሄ ይጠፋዋል የሚባል ሰው በዓለም ላይ መኖሩ ትዝም አላላት።

ጋሼ መድኃኒቱን በፌስታል አንጠልጥሎ እያለከለከ ሲደርስ ዋናው ሐኪም ቢሮው አስጠራው። ሲወጣ በቀጥታ ወደ መታጠቢያው ሄደ። ቆየ። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ፣ ጥርሱን ገልጦ መጣ።

«በይ ደስ ይበልሽ! ትንሽ እብጠት ናት አሉ። አወጧት። አለቀ፣ ደቀቀ!»

«እሰይ» አለች ጭራሮ።

ዓይኖቹ ቀልተዋል። የእሷም ቀልተው ይሆናል፤ አላያትም እንጂ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን አዩ።

ጭራሮን ያስፈራት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እናቷ እንደነቃች ትነቃበታለች ብላ ነበር። ሲስተር ናት እኮ! ስንቱን «አይዞህ» ስትል ኖራለች፤ ስንት ወንድምና እህት ኮሪደር አውጥታ ነግራለች፤ «ሲያዩት እንዲህ ሳቁ፣ እንዲህ ያዙት» ብላ ስንቱን እንግዳ አስተምራለች። አሁን ያሠለጠነቻቸው ነርሶች ተራ በተራ እየገቡ «እንኳን ተገላገልሽ፣ ሲስተር!» ይሏታል። ጋሼ ይስቃል። ዋናው ሐኪም ደጅ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን ያሳያታል። እሷ ደግሞ አመነች። ያቺ ብልጥ፣ ያቺ ሁሉን በዓይን የምታነብ ሴት፣ ለሰው ስትሰጠው የኖረችውን ውሸት ለእሷ ሲሰጧት ተቀብላ ዋጠችው።

«እኔማ በቃ፣ ሞቻለሁ ብዬ ነበር!» ትላለች እየሳቀች፣ ስፌቷን በእጇ ደግፋ። «እብጠት ብቻ! አይ እኔ፣ ለካ ፈሪ ነኝ።» ግሉኮሱ ዝግ ሲል ነርሷን ትቆጣለች። ተለማማጆቹ ሲጎበኟት ከአልጋዋ ላይ ሆና ታርማቸዋለች፤ «በሽተኛ ስትጎበኙ ሰዓት አይታይም! ሰዓት ካያችሁ የመሞቻዬን ሰዓት የምትቆጥሩ ይመስለኛል» ትላቸዋለች። እነሱም ይስቁላታል። ረጅሟ ግን ከበሩ አልፋ አትገባም።

ጭራሮ አንዳንዴ በእናቷ ትናደድባታለች። እንዴት አይገባሽም? ትላለች በሆዷ። እንዴት አንቺን የሚያህል ሰው ይሸወዳል? ወዲያው ደግሞ እናቷ «ነይ ልሳምሽ፣ አንቺ ጭራሮ» ስትላት ንዴቷ ይቀልጣል። ክፍል ውስጥ የጠረጴዛ ጓደኛዋ «ሰሞኑን ምን ሆነሽ ነው? ሙድሽ ጠፍቷል» ስትላት «አቦ ተይኝ፣ ፈተናው ነው» ብላ ታልፋለች። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደርሶ ነበር። ደብተር ስትገልጥ አንድም ፊደል አይገባትም።

ጋሼ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። አንድ ሙሉ ቀን በመኪና የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ውስጥ ትልቅ ሆስፒታል አለ። እዚያ ማሽን አለ አሉ። «ማጠናቀቂያ ሕክምና ነው» አላት እህቱን። «እብጠቷ እንዳትመለስ። እኔው ራሴ በሚኒባሴ ተኝተሽ እወስድሻለሁ።» ሲስተር ትንሽ አንገራገረች፤ ልጄስ አለች። ፈተና ስላለባት ጭራሮ እዚህ ጋሼ ቤት፣ ከሚስቱ ጋር እንድትቆይ ተወሰነ። «አንድ ሁለት ወር ነው፤ ምን አላት» ተባለ። የተወሰነው እሷ ባለችበት ነው፤ የጠየቃት ግን የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ረጅሟ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የታጠበ አንሶላ የሚሰጣበት ቦታ ጠበቀቻት። ያለቀሰች ይመስላል።

«አንዷ ነርስ ነገረችኝ» አለች። «ለአንቺ መንገር አልነበረብኝም። እኔ… መምህራችን እንዳለችው ነው ያደረግኩት። አጠገቧ የማትጠፊው አንቺ ነበርሽ። ከቤተሰቧ ቋንቋዬን የምትችዪውም አንቺ ብቻ ነሽ። በእኔ አገር ቢሆን ለልጅ ብቻዋን አልነግርም ነበር። ግን እዚህ እንደዚያ ነው ብዬ…»

«አልተነገራችሁማ» አለች ጭራሮ። «እንዲህ ያለው አይነገርም። ሁሉም ሰው ያውቀዋል ተብሎ ነው።»

«አለቆቼ ከሰሙ ወደ አገሬ ይመልሱኛል። እሱ ይሁን። አንቺ ግን ይቅር በይኝ።»

ጭራሮ ይቅር ልትላት ፈለገች፤ አፏ ግን ሌላ ጥያቄ አወጣ። «እዚያ የሚወስዷት ሆስፒታል… ያድናታል?»

ረጅሟ አንሶላዎቹን አየች። ሰዓቷን አላየችም፤ ያንን ተምራለች። «ዋናው ሐኪም ለአጎትሽ ‹አትድከም› ብሎታል። እዚያም የሚያደርጉላት ነገር የለም። መንገዱም ይከብዳታል። ምናልባት… ተመልሳ መምጣት ላትችል ትችላለች።»

ጭራሮ ተራምዳ ሄደች። ይቅር ያለቻት ስትሄድ ነው፣ ዞር ብላ፣ እጇን አውለብልባ።

ጋሼ ሚኒባሱን ከሆስፒታሉ አጥር ጥግ አቁሞ የኋላ ወንበሮቹን እየፈታ ነበር፤ ለፍራሽ ቦታ እንዲሆን። ጭራሮ ገባችና በሩን ሳበችው።

«ጋሼ፣ አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሆዷን ከፍተው እንደዘጉት። ጉበቷን።»

ጋሼ የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ። «ማን ነው የነገረሽ? ማነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝና ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ባላስወጣው!»

«ማንም አልነገረኝም። ሲንሾካሾኩ ሰምቼ፣ ፊትህን አይቼ ነው» አለች። የረጅሟን ነገር ዋጠችው።

ጋሼ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሲቀመጥ መኪናዋ ተነቃነቀች። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። «እጄን አጣጥፌ ስትሞት ልያት? በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳት! እናታችን ሥራ ስትውል እኔ ነኝ ያጎረስኳት። አንድ ነገር ሳላደርግላት እንዴት እቀመጣለሁ? ንገሪኛ!»

«እንንገራትና እሷ ትምረጥ።»

«ምን? አብደሻል እንዴ! እንዲህ ደስ ብሏት? አላየሻትም ስትስቅ? ያን ሳቋን ነው የምትወስጂባት?» ከወለሉ ጨርቅ አንስቶ ፊቱን ጠረገ፤ ጨርቁ የመኪና ዘይት ነበረበትና ጉንጩ ጠቆረ። «ስሚ። ትንፍሽ እንዳትዪ። ማይልኝ። በይ፣ ‹እናቴ ት…›»

አፉን በእጁ ያዘ። ሰው በቀን ስንት ጊዜ የሚምላት መሐላ ናት፤ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፤ እናቴ ትሙት። ጭራሮም ራሷ ለአንዲት እስክሪብቶ ስንት ጊዜ ምላባታለች። አሁን ግን ቃሏ ሚኒባሱ ውስጥ ግማሿ ተንጠልጥላ ቀረች፤ ሁለቱም ሊጨርሷት አልቻሉም። ጋሼ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጭራሮ ጭንቅላቱን አቀፈችው። አልማለችም። እሱ ግን ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሲስተር ልብሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሱ ሰፍቷታል። ጭራሮ ከኋላዋ ተንበርክካ ጸጉሯን ትሠራላታለች። የተዘጋጀው ቦርሳ በሩ አጠገብ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ በሽተኛ የለም፤ ለሲስተር ክብር ሲባል ብቻዋን ነው ያስተኟት።

«ቀስ በይ እንጂ! ጸጉር ነው፣ ገመድ አይደለም!»

«እሺ፣ እማ።»

«የጋሼሽን ሚስት እንዳታስቸግሪያት። ብዙ ብታወራም ልቧ ንጹሕ ነው። ፈተናሽን ስትጨርሺ እኔ ከች እላለሁ። ሁለት ወር ምን አላት?» ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሳቀች። «ደግሞ ከእንግዲህ እንግዶቹ ፊት አልገድልሽም። ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ ሌላ በሽተኛ እፈልጋለሁ።»

ጭራሮ ጸጉሩን መጎንጎኗን ቀጠለች። ዝም ማለት ቀላል ነበር። ጸጉሩን መጨረስ፣ ቦርሳውን መሸከም፣ መኪናው በር ላይ ስሞ ማልቀስ፤ ስለሚለያዩ ነው ተብሎ ማንም አይጠይቃትም። ከዚያ እናቷ በማታውቀው ከተማ፣ አንድም ሰው «ሲስተር» በማይላት ክፍል ውስጥ «ነገ ይሻልሻል» እየተባለች ትተኛለች። ያ ነገ ይመጣል፤ ሌላ ነገም ይመጣል። አንድ ቀን ሲስተር ትሞታለች። ለጭራሮ ግን አይነገራትም። ፈተና ላይ ናት ይባላላ! የጋሼ ሚስት እራት እያቀረበች «ደህና ናት፣ ዛሬ ደውላ ነበር፣ አንቺ አጥኚ» ትላታለች። እሷ ቁጭ ብላ ጥያቄ ስትመልስ እናቷ ተቀብራ ትሆናለች።

እናቷስ? እናቷ ለልጇ የምትለው ነገር ካላት መቼ ልትለው ነው? ስመለስ ብላ አሳድራዋለቻ።

ይሄን ስታስብ ጣቶቿ ቆሙ። ነገር ግን ሳቋን ደግሞ ሰማች፤ እናቷ ስለ ሚኒባሱ ፍራሽ አንድ ነገር ብላ ራሷ እየሳቀች ነበር። ያንን ሳቅ በገዛ አፏ ልታጠፋው ነው። ጋሼ ትክክል ቢሆንስ? እናቷ መስማት ባትፈልግስ? ይህን የሚነግራት ሰው የለም።

«ጨረስሽ?»

«ትንሽ ቀረኝ።»

ጋሼ ቁልፉን እያንቃጨለ ገባ። ሸሚዙን ቀይሯል፤ ጺሙን ተላጭቷል። «በሉ እንሂድ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ መንገድ እንጀምር!» አለና ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሳ።

ጭራሮ ከአልጋው ወረደች። ሄዳ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘች።

«ጋሼ፣ አስቀምጠው።»

«ምን?»

«አስቀምጠውና ቁጭ በል።»

ወዲያው ገባው። ፊቱ ዓመድ መሰለ። «ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጭራሮ አላላትም። «ተይ። በፈጠረሽ ተይ።»

«ምንድን ነው ሁለታችሁ?» አለች ሲስተር ፈገግ ብላ። «ምን ደብቃችሁኝ ነው? ፈተናውን አስቀድመሽ ወደቅሽ እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ሲስተር ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ ፊት ኮሪደር ላይ በየቀኑ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ትንሽ ቆየ። ከዚያ እሱም ሄደ። እጇ ቀስ ብሎ ስፌቱ ላይ አረፈ።

ጋሼ ቦርሳውን እንዳቀፈ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

ጭራሮ ተመልሳ አልጋው ላይ፣ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ግማሹ ጸጉሯ ተሠርቷል፤ ግማሹ ትከሻዋ ላይ ተበትኗል። ሁለት እጆቿን ያዘቻት። ቀዝቅዘዋል። እናቷ እጇን ልትነጥቃት ትችል ነበር፤ «ተዪኝ፣ አልሰማም» ልትላት ትችል ነበር። ጭራሮ ለዚያ የሚሆን ጊዜ ሰጠቻት። ሲስተር አልነጠቀቻትም። ልጇን ትኩር ብላ እያየች፣ ከዚህ በፊት ያላየቻት ያህል፣ «አንቺ ታውቂያለሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«ብቻሽን?»

ጭራሮ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ጭንቅላቷን ብቻ በአዎንታ ነቀነቀች።

«ወይ ልጄን!» አለች ሲስተር። ጠጋ አለችና የልጇን ፊት በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ተቀመጠች። «በይ ንገሪኝ።»

ጭራሮ አፍንጫዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች፤ ትንፋሿን ሳበች።

«እማ፣ እብጠቱን አላወጡትም» አለች፤ ቀጠለችም።